ሌሊሴ ወለል የወለወለችበት ቪዲዮ

ይህ ነገር ሊጻፍ የሚገባው መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። ማንም አልሞተም፣ ማንም አልታሰረም፤ አንዲት ረጅም ልጅ ከአምቦ ተነሥታ ቤሩት ድረስ ቅርጫት ኳስ ልትጫወት ሄደች፣ ከዚያ ተመለሰች፣ በቃ። እህቴ ስለሆነች ለእኔ ትልቅ የመሰለኝ ነገር ለሌላው ምን ይጠቅመዋል እያልኩ ብዙ ጊዜ ትቼዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን አንዲት ተማሪ የዩኒቨርሲቲያችን ጂምናዚየም ደረጃ ላይ ተቀምጣ ጣቶቿን በነጭ ፕላስተር ስትጠቀልል አየኋት፤ የፕላስተሩ ሙጫ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ ወደ ክፍል እየሄድኩ እንደነበር ረስቼ ቆምኩ።

እህቴ ሌሊሴ ቤሩት ስትሄድ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ቤታችን ከሁሉቃ ወንዝ ድልድይ ብዙ አይርቅም። አባቴን ሰፈሩ ሁሉ ኦቦ ገመቹ ይለዋል፤ የጂኦግራፊ መምህር ነው። እናቴ የጤና ጣቢያ ነርስ ናት፣ በተለይ ቁስል በማጠብና በማሸግ የታወቀች። ሌሊሴ ደግሞ በዐሥራ አምስት ዓመቷ የጓዳችንን በር ጎንበስ ብላ የምታልፍ፣ የዩኒፎርሟ ጫፍ በየዓመቱ በሌላ ጨርቅ የሚቀጠልላት፣ ከትምህርት በኋላ መረብ በሌለው የትምህርት ቤቱ ቅርጫት ሥር ብቻ እስኪመሽ የምትገኝ ልጅ ነበረች። ኳሱ ሲሚንቶው ላይ ሲነጥር ቤታችን ድረስ ይሰማ ስለነበር፣ እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች በድምፁ ትጠብቃት ነበር።

በኋላ አዲስ አበባ ያለ ክለብ ወሰዳት፤ እዚያ ስትጫወት ያዩዋት ሰዎች ደግሞ ቤሩት ላለ አንድ አነስተኛ ክለብ አስፈረሟት። በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ሄደች። ቤታችን ደስ ያለው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ከእኛ ሰፈር ቤሩት የሄዱት ሴቶች ሁሉ የሄዱት ለቤት ሠራተኝነት ነውና፣ "ለኳስ ነው" ስንል ሰዎች በአክብሮት ራሳቸውን ይነቀንቁና ዓይናቸውን ወደ መሬት ያደርጉ ነበር። ገበያ ላይ አንዷ እናቴን ለኳስ ደመወዝ ይከፈላል ወይ ብላ ጠየቀቻት። መከፈሉን ስትነግራት ደግሞ፣ ታዲያ ማን ነው ቁጭ ብሎ እሱን የሚያየው አለቻት። እናቴ ይህንን ጥያቄ ይዛው ቤት ገባች፤ ከዚያ በኋላም አልወጣላትም።

በዚያ ዓመት የሞባይል ኢንተርኔት እኛ ጋ በአብዛኛው ዝግ ነበር። የምንሰማው የሌሊሴን ድምፅ ብቻ ነው፣ እሱም እየተቆራረጠ። ስለዚህ አዲስ አበባ እየተመላለሰ ሚኒባስ የሚነዳው ጎረቤታችን ኦቦ ዳባ፣ ደግ ሰው ስለሆነ፣ ኔትዎርክ ካለበት የክለቡን ገጽ ፈልጎ አንድ ቪዲዮ በስልኩ ጭኖ አመጣልን። አባቴ ወንበር ደረደረ። አዴ ወርቄ፣ ከጎናችን ያሉት፣ ማንም ሳይጠራቸው የፊቱን ወንበር ያዙ።

ቪዲዮው አጭር ነበር። ሴቶች ይሮጣሉ፣ ፊሽካ ይነፋል፣ ይሥቃሉ። ከዚያ ከሁሉም የረዘመች አንዲት ልጅ ከጥግ ብቅ ትላለች፤ በእጇ መወልወያ አለ። የእኛ ሌሊሴ ናት። ጎንበስ ብላ ወለሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ወለወለችው፣ ሌሎቹ ውኃ እየጠጡ ቆመው ያያሉ። እዚያ ላይ አለቀ።

ኦቦ ዳባ ስልኩን ቀስ ብሎ ኪሱ ከተተው። አዴ ወርቄ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣

"ለእኔም ልጅ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነበር ያሉኝ" አሉ። "ፋብሪካው ሦስት ሕፃናትና አንዲት አሮጊት ያሉበት ቤት ሆኖ ተገኘ።"

አባቴ ስፖርት ቤት ውስጥ ወለል መወልወል ያለ ነገር እንደሆነ፣ ውሉንም ራሱ እንዳነበበው ሊያስረዳ ሞከረ። የአዴ ወርቄ ልጅም ማኅተም ያለው ወረቀት ነበራት። እናቴ ወደ እሱ ሳትዞር፣

"አንተ ስለ ሊባኖስ የምታውቀው ዝግባውን ብቻ ነው" አለችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምታደርገው ሁሉ ምርመራ ሆነ። ምን በላሽ፣ ስንት ሰዓት ተኛሽ፣ በሩን የሚቆልፈው ማን ነው። አንድ ቀን ኢንተርኔቱ ሲከፈት በቪዲዮ አገኘቻት፤ ሰላም እንኳ ሳትላት በኦሮምኛ እጇን እንድታሳያት ጠየቀቻት። ስትደነግጥ ሁልጊዜ ወደ ኦሮምኛ ነው የምትሸሸው። ከዐረብ አገር በተመለሱ ልጆች እጅ ላይ በረኪናና የፈላ ዘይት የሚተዉትን ቁስል ጤና ጣቢያው ውስጥ ብዙ ጊዜ አሽጋለች። ሌሊሴ እጇን ወደ ካሜራው አነሣች፤ ጣቶቿ በነጭ ፕላስተር ተጠቅልለዋል። በዚያው ቅጽበት ከኋላዋ አንዲት ሴት ጮኻ ጠራቻት። ሌሊሴ "አሰልጣኜ ናት" ብላ ብድግ አለች፤ መሥመሩም ተቋረጠ።

በማግስቱ በተራ ስልክ ተገኘች። ወለሉ ላይ ላብ ሲንጠባጠብ እንደሚያንሸራትት፣ የሚያደርቁትም አዲስ ገቢዎች እንደሆኑ አስረዳች።

"ነባሮቹስ?" አለች እናቴ።

"እነሱማ ነባር ናቸው፣ እማዬ።"

"ነባሯን ማዳም ነው የምትያት?"

ሌሊሴ ሣቀች። እናቴ ሣቁን አላመነችውም። "ወይ አንቺ ነይ፣ ወይ እኔ ሥራዬን ለቅቄ እመጣለሁ" አለቻት። ሌሊሴ ገና ተቀያሪ መሆኗን፣ ባለፈው ጨዋታ ግን የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች መሰለፏን፣ አሰልጣኟም ተስፋ እንደሰጠቻት እየነገረች ለመነቻት። ለእናቴ ይህ ሁሉ አጠገቧ የቆመ ሰው የሚያስነብባት ነገር መሰላት። የእናቴን ቃል የምናውቅ እናውቀዋለን፤ ትሄድ ነበር። ሌሊሴም ስላወቀች ጥር ላይ ተመለሰች።

መናኸሪያ ሄደን ተቀበልናት። እናቴ ከመሳሟ በፊት እጇን ያዘችና ፕላስተሩን ቁስል እንደምትፈታ አድርጋ ፈታችው። ከሥሩ ያበጠ አንጓና እንደ ጫማ ቆዳ የደረቀ የጣት ጫፍ ወጣ። አገላብጣ አየችው፣ አሸተተችው። ሌሊሴ በቀስታ "ኳስ ነው" አለቻት። እናቴ እጅ ታውቃለች። ዶሮ የታቀፉ መንገደኞች እንድናሳልፋቸው እየጠበቁ፣ እሷ እዚያው መሀል ላይ ቆማ ፕላስተሩን እንደነበረ አድርጋ መልሳ ጠቀለለችው።

ከዚያ በኋላ ተመለሺ እያለች የምትለምነው እናቴ ሆነች። ሰፈሩንም እየዞረች ልጇ እውነት ኳስ ተጫዋች እንደነበረች ነገረች። አዴ ወርቄ እጇን ጨብጠው፣ "ልክ ነሽ፣ እንደሱ በይ፤ የልጅ ገመና ይሸፈናል" አሏት። ክለቡ መጀመሪያ ቦታዋ ለዚያ ዓመት በሌላ ተጫዋች እንደተያዘ፣ ለሚቀጥለው ግን እንድትጠብቅ ጻፈላት። እሷም ጠበቀች፤ ጠዋት ጠዋት የጉደርን መንገድ እየሮጠች።

ዛሬ ጉደር ውስጥ የስፖርት መምህርት ናት። ተማሪዎቿ ይወዷታል፤ ከፍ ያለ ቦታ የተሰቀለ ነገር ሁሉ የምታወርደው እሷ ናት። የት ልትደርስ ትችል እንደነበር ግን እኛ አናውቅም፣ እሷም አታውቅም፤ ቢያንስ ሞክራ ሳይሳካላት ብትመለስ ኖሮ አንድ ነገር እናውቅ ነበር። እናቴ እስከ ዛሬ በስልክ ኳስ ነክታ እንደዋለች ትጠይቃታለች፤ ሌሊሴ ሁልጊዜ አዎ ትላለች። እኔ አላምናትም፤ ክለቡ ቁርጡን ከጻፈላት ወዲህ ኳስ ስትነካ አላየኋትም። ቦታ የለንም፣ መልካም ዕድል እንመኝልሻለን የሚለው የክለቡ የመጨረሻ መልስ የደረሳት ቅዳሜ፣ ሰኔ 9 ቀን 2010 ዓ.ም. ነበር።