የጨርቅ ታጣቂዎቹ ዝናር

በልጅነቴ የቀበሌያችንን ወንዶች በመልካቸው አላውቃቸውም ነበር። ዓይናፋር ስለነበርኩ ሰው ሲመጣ አንገቴን እደፋለሁ። አንገቷን የደፋች ልጅ ደግሞ ፊት አታይም። አንዱን በጠመንጃው ሰደፍ፣ አንዱን በዝናሩ፣ ሌላውን በጎማ ጫማው ስንጥቅ እለየው ነበር። በደርግ ጊዜ ቆቦ ውስጥ ያልታጠቀ ወንድ ጥቂት ስለነበር ብዙም አልተቸገርኩም።

ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ተቀምጬ ሳለ፣ አባቴ ሮቢት ለሚኖር ሚስቱ ለሞተችበት ሰው ሊድረኝ ሽማግሌ መቀበል ጀመረ። ሰውየውን አንድ ቀን አይቼዋለሁ። ማለቴ ጫማውን አይቼዋለሁ። ከአባቴ ጫማ ያረጀ ነበር፤ ባለቤቱም ከጫማው የሚሻል አልመሰለኝም።

በዚያው ሰሞን ለቀበሌው የሴቶች ማህበር በእግር የሚሽከረከር የልብስ ስፌት መኪና መጣ። አንዲት ልጅ ትመደብበታለች ተባለ። የቀበሌ ሥራ የያዘችን ልጅ አባቷ እንደፈለገ አይድራትም፤ ጓዶቹ ምን ይሉኛል ብሎ ይፈራል። ስለዚህ መኪናው ከደረሰኝ ቆቦ እቀራለሁ፣ ካልደረሰኝ ሮቢት እወርዳለሁ። ሌላ መንገድ አልነበረኝም።

መኪናውን የምንፈልገው ሁለት ነበርን፤ እኔና የጎረቤታችን ልጅ። እሷ ጣቷም ምላሷም ፈጣን ነው። እኔ ጣቴ ብቻ።

የአብዮት በዓል ሲቃረብ ቀበሌው ኤግዚቢሽን እንዲያሳይ ታዘዘ። ከጎጃም ተመድቦ የመጣው ወጣት ካድሬ የታጠቀ ገበሬ ካልታየ ኤግዚቢሽን አይባልም አለ። የማህበሩ ሴቶች ተሰብስበው ክንድ የማይሞሉ የጨርቅ ገበሬዎች ሰፉ። ሆዳቸው ጭድ፣ ዓይናቸው የከሰል ነጥብ፤ ሁሉም አንድ እናት በአንድ ቀን የወለደቻቸው ይመስሉ ነበር። ካድሬው ዙሪያቸውን ዞሮ አያቸውና፣

«ጥሩ ናቸው፤ ግን ባዶ እጃቸውን ናቸው። እንደዚህ የቆመ ገበሬ ገበያ የሚሄድ እንጂ አብዮት የሚጠብቅ አይመስልም» አለ።

የቀበሌው ሊቀመንበር እዚያው ፈረደ። ግማሾቹን እኔ፣ ግማሾቹን የጎረቤታችን ልጅ እናስታጥቅ፤ ያማረ ትጥቅ የሠራችው መኪናው ላይ ትቀመጥ።

እሷ ለሁሉም ክላሽ ሠራች። ጎባጣውን ካዝና ከተጣለ የኮንጎ ጫማ ቆርጣ በእሳት አጎበጠችው፤ አፈሙዙን ከጃንጥላ ሽቦ አወጣችው፤ ጠቅላላውን በባትሪ ድንጋይ ጥላሸት ቀባችው። ሳንጃ ሳይቀር ከዘይት ቆርቆሮ ቀደደችላቸው። አንዱን ጣቴ ላይ ሞክሬው ደምቻለሁ።

እኔ ግን ሁሉንም አንድ ዓይነት ማድረግ አልሆነልኝም። አንገቴን ደፍቼ ያየሁት ሁሉ እጄ ላይ መጣ። አንዱን ምንሽር አስያዝኩት፣ አንዱን አልቤን። አንዱን ሰደፉ ተሰንጥቆ በሽቦ የታሰረ ጠመንጃ ሰጠሁት። ለአንዱ ማንገቻውን ከፍየል ቆዳ፣ ለሌላው ከአሮጌ መቀነት ጥለት ሠራሁ። አፈሙዝ ውስጥ አቧራ እንዳይገባ ጨርቅ የሚወትፉ አሉ፤ ለእነሱም ጨርቃቸውን ወተፍኩላቸው። የቀረው ዝናር ነበር። ደጋሊት የምንለው ማሽላ ያለፈው ዓመት አገዳ አጥራችን ላይ ተደግፎ ነበርና በምላጭ ቀጫጭን አድርጌ ሰነጠቅሁት። ጫፉን በእሳት አጠቆርኩ፣ ታቹን በወርቃማ የከረሜላ ወረቀት ጠቀለልኩ፣ በየዝናሩ ኪስ ደረደርኩት። አምሮ ነበር። እኔ ራሴ ወደድኩት።

የዳኝነቱ ቀን በቀበሌው አዳራሽ ሁለቱ ጭፍራዎች ረጅም ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተሰለፉ። ከጭድ በቀር ምንም በሆዳቸው የሌለ ሰዎች እንደዚያ ሲኮሩ አይቼ አላውቅም። ሊቀመንበሩ ከነዝናሩ፣ ካድሬው ከነደብተሩ መጡ። የቀበሌው ታጣቂዎች በግድግዳው ዙሪያ ተደረደሩ። አክስቴ ከማህበሩ ሴቶች ጋር ከኋላ ነበረች።

የጎረቤታችን ልጅ ቀድማ ተናገረች። «የእኔ ታጣቂዎች ሁሉም እኩል ናቸው። እኩልነት ማለት ይኼ ነው» አለች። ካድሬው ደስ አለው፤ ጻፈ። የእኔ ተራ ሲደርስ አፌ ተለጎመ። አክስቴ ከኋላ «ተናገሪ እንጂ! ምላስሽን ቤት ረሳሽው?» ብትልም አልቻልኩም።

ያዳነኝ አንድ ሽማግሌ ታጣቂ ነው። ጠረጴዛው ላይ ተጎንብሶ የእኔን አንዱን የጨርቅ ሰው በአንገቱ አንጠልጥሎ አነሳና ጮኸ።

«ወላሂ ይቺ ጠመንጃ የእኔ ናት! ሽቦዋን እዩዋት!»

«አንተ ደግሞ! የአንተ በሦስት ቦታ ነው የታሰረችው፤ ይቺ በሁለት ነው» አለው ጓደኛው።

«ሦስተኛው ባለፈው ሳምንት ተበጠሰ። ምን አገባህ?»

«ታዲያ ማንገቻዋ ምነው አዲስ ሆነ? የአንተ እኮ የአህያ መጫኛ ነው!»

«የአህያህን ነገር እዚህ አታምጣ!»

ከዚያ ወዲያ ሥርዓት አልነበረም። ሁሉም እየተጋፋ መጥቶ ጠመንጃውን ይፈልግ ጀመር። ያገኘ ይኩራራል፣ ያላገኘ ይቆጣል። የታለች የእኔ ብሎ ያፈጠጠብኝም ነበር። የፍየል ቆዳ ማንገቻ ከጥለት ይሻላል አይሻልም ብለው ሁለት ጎልማሶች ደረት ለደረት ተያያዙ። የጎረቤታችን ልጅ ክላሾች፣ ያን ሁሉ አምረው፣ የሚያያቸው ጠፋ። መኪናው ወደ እኔ ሲያዘነብል ታወቀኝ። ለእሷም ታወቃት።

«ጠመንጃውስ ይሁን» አለች ድምጿን ከፍ አድርጋ። «ጥይቱስ? እስቲ ጥይቱን ከምን እንደሠራችው ትናገር! የእኔ ካዝና አለው።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። መልስ ካልሰጠሁ መኪናው መሄዱ ነው፤ ሮቢት መሄዴ ነው። ያለኝን ትንፋሽ ሰብስቤ፣

«አገዳ ነው» አልኩ።

ሲጯጯህ የነበረው ሁሉ አፉን ዘጋ። ሁለቱ ጎልማሶች ተላቀቁ። በየዝናሩ ላይ እጅ ሲያርፍ አየሁ፤ እዚያው ነበር የማየው። ሽማግሌው ታጣቂ የጨርቁን ሰው ቀስ አድርጎ እንደ ሕፃን አስተኛው። ምን እንዳጠፋሁ አልገባኝም።

ካድሬው ብቻ ፊቱ በራ። «አገዳ! ገበሬው ያመረተው ራሱ ጥይት ሆነ ማለት ነው! ይኼ ትልቅ ሐሳብ ነው!» ብሎ አንዱን ትንሽ ዝናር አነሳና ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ እስቲ ዝናርዎን ይፍቱልኝ። ከእውነተኛው ጋር አጠገብ ለአጠገብ አድርገን እናስተያየው።»

ሊቀመንበሩ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደ።

«ምን ማስተያየት ያስፈልጋል ጓድ! ቁርጥ እሱ ነው!»

«ወላሂ ቁርጥ እሱ ነው» አለ ሽማግሌው ታጣቂ። «ልዩነት የለውም።»

«ቁርጥ የእኔንም» አለ ጓደኛው ከግድግዳው ሥር።

«ለማንኛውም እንየው እንጂ» አለ ካድሬው እጁን ዘርግቶ።

ሊቀመንበሩ ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዞረና እንደ ስብሰባ መዝጊያ ጮኸ። «ይቺ ልጅ አሸንፋለች! መኪናው ላይ የምትመደበው እሷ ናት! አጨብጭቡ!»

ታጣቂዎቹ እንደዚያ ሲያጨበጭቡ በማንም ንግግር ላይ አልተሰማም። የጎረቤታችን ልጅ «የእኔ ክላሽስ?» ብላ ብትጮህ፣

«ያንቺም ጥሩ ነው። ግን ካዝና ውስጥ ያለው አይታይም» አላት ሊቀመንበሩ።

ስወጣ ሊቀመንበሩ በሩ ላይ ጠበቀኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ማን ነገረሽ?» አለኝ። እኔ መሬት መሬት አያለሁ። ማንም ለማለት ፈልጌ ድምፅ አልወጣኝም። «ይሁን። እንደዚሁ ዝም እንዳልሽ ኑሪ፤ ቅዳሜ ሥራ ትጀምሪያለሽ» ብሎኝ ሄደ።

መንገድ ላይ አክስቴ ሳቋን አፍና አፍና መጨረሻ ላይ አስፋልቱ ዳር ቁጭ አለች።

«ምን አጠፋሁ እትዬ?» አልኳት።

«አንቺ የምርሽን አታውቂም? ኧረ ጉድ! እኛ እኮ እያወቅሽ የሰደብሻቸው መስሎን! ጥይቱን በየሰርጉ ተኩሰው ጨርሰውት የለ እንዴ! ባዶ ቀለህ ላይ አገዳ ይሰኩና ይንጎራደዳሉ። ይኼን ካድሬው ቢያይ ወየውላቸው። የእኔን ባል ዝናር ባለፈው አይጥ በላው። ጥይት የሚበላ አይጥ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ከዚያ ቀን ወዲህ ታጣቂዎቹ ቀድመው ሰላም ይሉኝ ጀመር። ዝምታዬን እንደ ተንኮል ቆጠሩት። ያቺ ልጅ ብዙ ታውቃለች፣ ግን አትናገርም ተባለልኝ። አባቴ ሊቀመንበሩ ለእኔ ባርኔጣውን ሲያነሳ ባየ ማግስት፣ ልጅቷ የመንግሥት ሥራ ይዛለች ብሎ ሮቢት መልእክት ላከ። ሰውየው ከነጫማው እዚያው ቀረ።

ቅዳሜ መኪናው ፊት ተቀመጥኩ። እዚያ ለመድረስ ያን ያህል ተጨንቄ፣ ክሩ በየት እንደሚገባ ግን አላውቅም ነበር። የስፌት መኪና ነክቼ አላውቅማ። መጠየቅ ደግሞ አፈርኩ። ጠዋቱን በሙሉ መኪናውን በጨርቅ ስወለውል ዋልኩ። ታጣቂ ባለፈ ቁጥር መርገጫውን እረግጠዋለሁ፤ መንኮራኩሩ ወደ ኋላ ይዞራል፣ ታጣቂው በአድናቆት ራሱን ነቅንቆ ያልፋል።

የጎረቤታችን ልጅ ግን በር ላይ ቆማ ስታየኝ ቆየች። ዋጃ የምትኖረው አክስቷ የስፌት መኪና ስላላት እሷ ታውቅበታለች።

«ክር የለውም እኮ» አለችኝ።

መወልወሌን ቀጠልኩ።

«አንቺ በዝምታሽ ሰው ትገድያለሽ። በይ ተነሺ።»

«አልነሳም» አልኩ።

ከአፌ መውጣቱን እኔም አላመንኩም። እሷም አፍጥጣ አየችኝ፤ ከዚያ ሳቀች።

«እንግዲያስ ጠጋ በይ» አለችና አጠገቤ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ክሩን በምራቋ አርሳ አሾለችው፤ እኔም እንዴት እንደምታስገባው ለማየት ቀና አልኩ።