ኃይሌ ወይስ ሄይሊ

ልጅ ሳለሁ፣ በሰኔ ብርድ መብራት በሄደ ቁጥር አባቴ በተበሳሳ ቆርቆሮ ከሰል ያቀጣጥልና በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ሮዘተንቪል ሰፈር ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጦ ተረት ይጀምር ነበር። ጀፕስታውን ካለው ሱቁ ዝሎ ቢመጣም፣ ጭሱ ዓይኑን ቢያስለቅሰውም፣ ያኔ ተረት አይደክመውም። እኔ ግን የምፈልገው ተረት ሳይሆን የስሜን ትርጉም ነበር።

ስሜ ሄይሊ ነው። ትምህርት ቤት የፈረንጅ ሴት ልጅ ስም ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ግን እናቶች «ኃይሌ? የወንድ ስም እኮ ነው!» እያሉ ይስቁብኛል። እናቴ እንደነገረችኝ፣ አባቴ ገና ሳልወለድ በአያቴ ስም ኃይሌ ሊለኝ ቆርጦ ነበር። ሴት ሆኜ ስመጣም ሆስፒታል ስም ለምትመዘግበው የፈረንጅ ነርስ ያንኑ ነገራት፤ ነርሷም «ሄይሊ! ቆንጆ ስም» ብላ እንደሰማችው ጻፈችው። ይሄ ነገር ከነከነኝ። ወንድ ነበር እንዴ የጠበቀው?

«አባዬ፣ ወንድ ፈልገህ ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት።

ፍሙን ቆስቆስ አድርጎ «ድሮ አንዲት አንበሳ ነበረች» ብሎ ጀመረ።

ተናደድኩ። አንበሳ ማን ጠየቀው? ሌላ ቀን አስተማሪያችን፣ ሄይሊ በጥንቱ እንግሊዝኛ ለከብት የሚታጨድ ደረቅ ሣር ያለበት መስክ ነው አለችን። አባቴን የዚያን ሣር አማርኛ ብጠይቀው «ድርቆሽ» አለኝ። እኔ የማውቀው ድርቆሽ ከአገር ቤት በፌስታል የሚላክልንን የደረቀ እንጀራ ነው፤ አለቀስኩ። እሱ «ድርቆሽ ባይኖር ከብቱ በጋን በምን ይሻገር ነበር?» አለና ስለ አንዲት ጊደር ያወራልኝ ጀመር። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ይባላል፤ እኔ ብርሌውን ልሰብረው ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ ወንድሜ ተወለደ። ስሜን ሊወስድብኝ የመጣ መስሎኝ ፈራሁ። ከሆስፒታል በመጣ ቀን ጎረቤታችን ጋሽ መኮንን «እንግዲህ ወንድ አገኘህ፤ የአባትህን ስም አውጣለት እንጂ» አሉት።

አባቴ ከሰሉን እያራገበ፣ ዞር እንኳ ሳይል፣ «ኃይሌማ አለችኝ» አለ።

ከዚያ ሁሉ ተረት ዛሬ አንዱንም አስተካክዬ መናገር አልችልም፤ አንበሳዋም ጊደሯም ተደባልቀውብኛል። የቀሩኝ እነዚያ ሁለት ቃላት ናቸው፣ ባስታወስኳቸው ቁጥርም ያናድዱኛል። አባዬ፣ ለጋሽ መኮንን ከምትነግራቸው፣ ለእኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?