እግር የሌላቸው ለቀስተኞች

በ2010 ዓ.ም. ነው፤ ክረምቱ ወጥቶ የሐዋሳ መንገዶች መድረቅ ሲጀምሩ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ ዛሬም በሕይወት አለች። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት ከዚህ በታች ያለው ቁጣ ስለሆነ ነው።

ልጄ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የተሳፈረችበት ባጃጅ ተገልብጦ ወገቧን ተጎዳች። ከወገቧ በታች አይታዘዛትም። የዩኒቨርሲቲ ትምህርቷን አቋርጣ፣ መናኸሪያ አካባቢ ባለችው ቤታችን በመስኮቱ አጠገብ አልጋ ዘርግቼላት እዚያው ትውላለች። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ጠዋት ወጥቼ ከሰዓት በኋላ እመለሳለሁ።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ቤቴ ሰው አይጠፋበትም ነበር። በየቅዳሜው በየቤታችን በተራ እየተሰበሰብን የምንጸልይ የኅብረት ሴቶች ነበርን። እነሱም ሙዝና ጭማቂ ይዘው መጡ፤ ጸለዩ፤ አለቀሱ። ልጄ ሳትነሣ ስትቀር አንድ በአንድ ቀሩ። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ «አንቺስ ጫና አለብሽ፣ ይለፍሽ» ይሉኛል። አዝነውልኝ መስሎኝ አመሰግናቸው ነበር።

በዚያ ዓመት ዱባይ የምትሠራው የእህቴ ልጅ መነጽር ላከችላት። እንደ ዋናተኛ መነጽር በላስቲክ ራስ ላይ ይታሰራል፤ ውፍረቱ ግን የጫማ ሳጥን ያህላል። ስልክ ከፊቱ ይገጠምና ዓይንን ጥርቅም አድርጎ ይሸፍናል። በእጅ የምትያዝ ትንሽ መቆጣጠሪያ አለችው። ውስጡ ሲገቡ ክፍል ነው። ከየአገሩ የመጡ ሰዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠው ያወራሉ። ድምፃቸው የራሳቸው ነው፤ መልካቸው የተሣለ።

አንድ ቀን ለእኔም አደረገችልኝ፤ መቆጣጠሪያዋን ይዤ እጄን ሳነሣ የተሣለው እጄም ይነሣል። ራስ አለ፣ ደረት አለ፣ እጅ አለ። ከዚያ በታች ባዶ ነው።

«እግራቸውስ?» አልኳት።

«እዚያ ማንም እግር የለውም፣ እማ» ብላ ሳቀች።

ከአደጋው ወዲህ እንዲያ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም። እኔ ግን አዞረኝና ቶሎ አወለቅኩት።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የኅብረታችን መሪ አራት ሴቶች አስከትለው ሳይነግሩኝ መጡ። በዕድሜ ይበልጡኛል፤ እትዬ ነው የምላቸው። ጾመው ጸልየው «የልጅቷ የመፈወሻ ቀን ደርሷል» የሚል መልእክት መጥቶላቸዋል። ከስንት ወር በኋላ ቤቴን በማስታወሳቸው ደስ ብሎኝ አስገባኋቸው።

ልጄ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ትራስ ተደግፋለች። ነጠላዋን ከራሷ ጀምሮ ስለተከናነበች መነጽሩም የጆሮ ማዳመጫውም አይታይም። ቀኝ እጇን ከነነጠላው ወደ ላይ ዘርግታ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ታለቅሳለች።

«መንፈስ ወርዶባታል!» አለች አንዷ።

እውነቱን ልናገር፣ ለአፍታ እኔም አመንኩ።

«ሰዓቱ አሁን ነው፣ ያዟት!» አሉ እትዬ። «ተነሺ ልጄ! በኢየሱስ ስም ተነሺ!»

ሁለቱ በብብቷ ገብተው ከአልጋው አነሷት። እግሯ መሬት ነካ። «ልቀቋት፣ ትቁም!» አሉ እትዬ፤ ለቀቋት። በግንባሯ ወደቀች።

መነጽሩ ወልቆ ተንከባለለ። ከማዳመጫው ውስጥ ቀጫጭን ድምፆች ስሟን ይጠራሉ። የልጄ ከንፈር ይደማል። አንዲትም ሴት ይቅርታ አላለችም። እትዬ መነጽሩን በሁለት ጣታቸው አንሥተው አዩት።

«ይሄ ነዋ! ይሄ ነው አስሮ የያዛት! ነገ ከአምልኮ በኋላ ሁሉም እያየ እናቃጥለዋለን።»

«አሜን» አሉ ሴቶቹ።

እኔም አሜን አልኩ። ሃያ ዓመት የለመደ አፍ ነው፤ ሳላስበው ወጣ። መነጽሩን ከነስልኩ ፌስታል ውስጥ ከተው ሄዱ።

ልጄን አቅፌ አልጋዋ ላይ መለስኳት። ከንፈሯን ስጠርግላት ፊቷን አዞረች።

«እማ፣ አንቺም አሜን አልሽ።»

የጠረግኩበትን ጨርቅ አጥቤ ተመለስኩ። «ልቅሶ ላይ ነበርኩ እኮ» አለች።

ከጓደኞቿ አንዷ ፊሊፒናዊት ናት፤ ኮሪያ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። እናቷ ሞታባት ለቀብር አገሯ መግባት አልቻለችም። ሌሎቹ «አዝነናል» ብለው ሊበተኑ ሲሉ ልጄ «በእኛ አገር ሦስት ቀን እንቀመጣለን» አለቻቸው። ተቀመጡ። መተቃቀፍ ስለማይቻል «አለንሽ» ለማለት እጅ ሊያነሡ ተስማሙ። ልጄ እጇን ያነሣችው ለዚያ ነው።

«ነገ በሦስት ሰዓት ይሰበሰባሉ። የመጨረሻው ቀን ነው። ሦስት ቀን ያልኳቸው እኔ ነኝ፤ የምቀረውም እኔው ነኝ።»

ቁጣው ያኔ መጣ። በአገራችን የተጣላ ሰው እንኳ ልቅሶ ቤት ይገባል፤ ለቀስተኛን ማንም አይነካም። ለልጄ በሁለት ዓመት ውስጥ «አለንሽ» ያላት ማን ነው? እግር ያላቸው ጎረቤቶቿ መንገዱ ርቋቸው ቀሩ። እግር የሌላቸው በየቀኑ መጡላት። ያኔ አንድም ቀን ለእነዚያ ሰዎች ጸልዬ አላውቅም ነበር።

እሁድ ጠዋት ተነሣሁ። ከአደጋው በኋላ ባጃጅ ተሳፍሬ አላውቅም፤ ያን ቀን ተሳፈርኩ። እትዬ ሐይቅ ዳር ነው የሚኖሩት። ለአምልኮ ለብሰው በር ላይ አገኘኋቸው።

«ምነው በጠዋት? አብረን እንሂድ ብለሽ ነው?»

«የልጄን ዕቃ ስጡኝ።»

«ዕቃ? ወጥመድ በይው እንጂ። ከማይታይ ጋር የምታወራ ልጅ ይዘሽ እንዴት እንቅልፍ ይወስድሻል?»

«እኛስ እትዬ፣ የምንጸልየው አይተነው ነው?»

«አንቺ! አፍሽን ጠብቂ!»

«ልጄን ከልቅሶ ላይ ነው የጎተታችኋት።»

እጃቸው ወደ ነጠላቸው ሄደ።

«ማን ሞተ?»

«የጓደኛዋ እናት።»

«ያጽናት» አሉ፤ እንደ እኔ አሜን ሳያስቡት ነው የወጣቸው። ገብተው ፌስታሉን አመጡልኝ። ይቅርታ ግን አልጠየቁም፤ እስከ ዛሬም አልጠየቁም። ይቅር ብያቸዋለሁ፤ መቆጣቴን ግን አልተውኩም።

ቤት ስደርስ ሦስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። ከቤተ ክርስቲያናችን ድምፅ ማጉያ መዝሙር ይሰማል። ልጄ መነጽሩን አጠለቀች። እኔ ነጠላዬን እንደ ለቀስተኛ አዘቅዝቄ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እናቴም መጥታለች» አለቻቸው በእንግሊዝኛ።

«ምን ልበላቸው?» አልኳት።

«ምንም አትበይ፣ እማ።» መቆጣጠሪያዋን መዳፌ ውስጥ አስቀመጠችልኝ።

እጄን አነሣሁ።