ሳይነኩት የሚመዘን ዱቄት

ኦኩምባ በማጋዲ ሶዳ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሠራው አንድ ሥራ ነው። ነጩን የሶዳ ዱቄት ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ በሆነ ቆርቆሮ አሳልፎ አንድ ሊትር በሚይዝ ኩባያ ላይ ያፈሳል፤ ከአፉ የተረፈውን በማስመሪያ ጠርጎ ይመዝናል። ከባዱ ወደ መስታወት ሠሪዎች፣ ቀላሉ ወደ ሳሙና ሠሪዎች ይሄዳል። ዋናው ሕግ ኩባያውን አለመንካት ነው። ከተነካ ዱቄቱ ጠቅጠቅ ይላል፤ ኩባያው ብዙ ይይዝና ቁጥሩ ይዋሻል። ኦኩምባ ሲመዝን ጠረጴዛውን ለተደገፈ ወዮለት!

ይህን የቪክቶሪያ ሐይቅ ዓሣ አጥማጅ ልጅ ዕድል ጎትታ ጎትታ ውሃው ከማይጠጣ ሐይቅ ዳር ጣለችው። ሚስቱ አኬሎ ግን እዚያው ቪክቶሪያ ዳር፣ በምቢታ ገበያ ጥቃቅን ደረቅ ዓሣ በጣሳ እየሰፈረች ትሸጣለች። ትናፍቀዋለች። ለእረፍት ሄዶ አጠገቧ ተኝቶ እንኳ ትናፍቀዋለች።

ነገሩ የተበላሸው በተጋቡ በዓመቱ ነው። አኬሎ አብራው ልትኖር ጓዟን ጠቅልላ መጣች። አንድ ቀን ምሳውን ይዛ ላቦራቶሪ ስትገባ፣ ኦኩምባ ኩባያውን ሞልቶ ሚዛኑን ሊያስተካክል ዞር ብሎ ነበር። በምቢታ ገበያ ጣሳ ሳትነቀንቅ የምትሰፍር ሴት ስሟ ስስታም ነው። እጇ አላስቻላትም፤ ኩባያውን መታ መታ አደረገችና ጎደል ሲል እፍኝ ዱቄት ጨመረችበት።

«አንተ ደግሞ፣ ለሰው እንዲህ ጎደሎ ይሰፈራል?» አለችው እየሳቀች።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ኦኩምባ በባልደረቦቹ ፊት «ይሄ ያንቺ ገበያ አይደለም! ውጪልኝ!» ብሎ ጮኸባት። በማግስቱ እሱ ሥራ ላይ እያለ አገሯ ገባች፤ ተመልሳም አልመጣች። ኦጎላንና ሁለት ታናናሾቹን የወለዱት እሱ ለእረፍት ሲሄድ ነው። ስለዚያ ቀን አንስቶላት አያውቅም፤ ኩራቱ ያዘው።

ዘንድሮ ጡረታ ሊወጣ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ቆረጠና ደወለላት።

«የኦጎላ እናት፣ ያን ቀን ስለጮኽኩብሽ… ይቅር በይኝ።»

«የቱን ቀን?»

«ኩባያውን የነካሽ ቀን ነዋ።»

ሳቋ ጆሮውን ሞላው። «አንተ ሰው! በሱ ተቀይሜ የሄድኩ መስሎህ ነው ይሄን ሁሉ ዘመን? የእናቴን ጩኸት ብትሰማ ያንተ ሹክሹክታ ነው።»

«ታዲያ ለምን ሄድሽ?»

 ከገበያው ሁካታ ራቅ ስትል ተሰማው።

«አውቶቡሱ የሚነሳው በስምንት ሰዓት ነበር» አለች። «እኔ ከጠዋት ጀምሬ መቆሚያው ዳር ጓዜ ላይ ተቀምጬ ነበር። ይመጣል ብዬ። ተመለሽ ይለኛል ብዬ።»

ያን ቀን ጓዟን ይዛ መውጣቷን ጎረቤት ላቦራቶሪ ድረስ መጥቶ ነግሮት ነበር። እሱ ግን የተበላሸውን ዱቄት እንደገና ይመዝን ነበር፤ ቁጥሩ አልገጥም ብሎት ሦስት ጊዜ መዘነው። ይህን እንዴት አድርጎ ይንገራት?

«አሁንስ ብመጣ?» አላት።

«ና» አለችው። «ከስንት ሰዓት ጀምሬ መቆሚያው ላይ ልቀመጥልህ?»