ማሽኑ ሲጠብቀኝ

ዛሬ ጠዋት የጭነት መኪና መጥቶ የመሥሪያ ቤቱን አሮጌ ዕቃ ጫነ። እግሩ የተሰበረ ወንበር፣ የዛገ መደርደሪያ፣ ከነሱም መሀል ያ ግራጫ ኮምፒውተር። ጎኑ ላይ ባለችው ጭረት አወቅኩት። በካቻቪቴ የጫርኩት እኔ ነኝ።

ስለ ወጣትነቱ የሚጽፍ ሰው ሞልቷል። የኔ ወጣትነት ሲሚንቶ ተሸክሞ አለቀ፤ የሚወራ ነገር የለውም። ፊደል የቆጠርኩት ፂሜ ሸብቶ፣ እዚሁ ጅግጅጋ፣ የማታ ትምህርት ገብቼ ነው። እንደ ወጣት ተስፋ ማድረግ ያማረኝም ያኔ ነው። የምጽፈውም ስለዚያ ነው።

ያኔም እንደ ዛሬው ዘበኛ ነበርኩ። የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ አልማዝ ወደ አገሯ ወደ ሐረር ልትዛወር ሆነና ቦታዋ በፈተና ይሞላል ተባለ። ፈተናው አንድ ገጽ ደብዳቤ በኮምፒውተር መጻፍ ነው። ከበሩ አቧራና ንፋስ ገላግሎ ጣሪያ ሥር የሚያስቀምጠኝ ሌላ መንገድ አልነበረኝም። አልማዝ አዘነችልኝ። ሥራ ሲያልቅ፣ ፀሐይ ወደ ካራማራ ስታዘቀዝቅ፣ በሷ ኮምፒውተር እንድለማመድ ፈቀደችልኝ።

ኮምፒውተሩ ግን እንደ ሰነፍ አህያ ነበር። ፊደል እጫናለሁ፤ ምንም። በወተት የተፈላ ሻዬን ፉት እላለሁ፤ አሁንም ምንም። ቆይቶ ሁሉንም አንድ ላይ ይዘረግፈዋል። «የሚያዘገየኝ እሱ ነው» እላለሁ ለጠየቀኝ ሁሉ። እውነትም መስሎኝ ነበር።

ከበሩ ፊት ለፊት ያገለገለ ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጠው ማሃድ አንድ ቀን ገብቶ አየው።

«ወሪያ ዘበኛ! ይሄ ራም አንሶታል። ጭንቅላቱ ጠባብ ነው። ወላሂ፣ አንተ የጀመርከውን ደብዳቤ የልጅ ልጅህ ነው የሚጨርሰው!»

በማግስቱ ከሞተ ኮምፒውተር የነቀለውን ራም ይዞ መጣ፤ ከጣት ብዙም የማይረዝም አረንጓዴ ቁራጭ። አቧራ ስለምንፈራ ኮምፒውተሩን በጥልፍ ጨርቅ ሸፍነነው ነበር። ማሃድ ገለጠና ሳቀ። «ሙሽራ አደረጋችሁት፣ አቦ! በትንፋሽ ማጣት ነው የምትገድሉት።» ጎኑን ስፈታ ካቻቪቴው አዳልጦኝ ጫርኩት። ውስጡ ወፍጮ ቤት ይመስላል። አራግፈን ራሙን ሰካና አበራው። ጢጥ፣ ጢጥ አለ እንጂ ስክሪኑ ጥቁር ነው።

«ላጲስ አለህ?» አለኝ።

«ለዘበኛ ላጲስ ምን ይሠራለታል?»

«የማታ ተማሪ አይደለህ እንዴ?»

ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። የራሙን ወርቃማ ጥርሶች በላጲሴ ፈትጎ መልሶ ሰካው፤ ቀጭ አለ። ስክሪኑ በራ።

«የአልማዝ ወንበር ላይ ስትቀመጥ» አለኝ፣ «የኔን ፋይል ጠፋ እንዳትለኝ። ሌላ ምስጋና አልፈልግም።»

ተቀመጥኩ። «መ»ን ነካሁ፤ ከጣቴ ጋር እኩል ወጣ። ከዚያ ቆምኩ። እኔ ፊደል የተማርኩት በዜማ ነው። ከ«መ» ተነስቼ ሙ፣ ሚ፣ ማ እያልኩ ካልወረድኩ «ሞ» ላይ አልደርስም። ማሽኑ ሲንቀራፈፍ እኔ ዜማዬን ስለምጨርስ፣ ሁለታችን እኩል እንሄድ ነበር። አሁን ግን ስክሪኑ ላይ ያለችው ቀጭን መስመር ብልጭ ድርግም እያለች ትጠብቀኛለች። ማሃድ አየ። ልማዱ ቢሆንም አልቀለደም። የከፋኝ አለመቀለዱ ነው።

የፈተናው አዳራሽ ውስጥ የወጣቶቹ ጣት ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ይንጣጣል። እኔ አንጎራጉራለሁ። ፈታኙ፣ ልጄ የሚሆን ጎረምሳ፣ «አባቴ፣ ድምፅ አይፈቀድም» አለኝ። ዝም አልኩ። እኔ ዝም ስል ፊደሉም ጠፋኝ። ሰዓቱ ሲያልቅ ገና «ጉዳዩ» የሚለው ላይ ነበርኩ።

ማሃድ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። «ማሽኑ አስቸገረህ?»

«ማሽኑስ ፈጣን ነበር» አልኩት። ሌላ አልጠየቀኝም። እስከ ዛሬ አልጠየቀኝም።

መማርን ዕድሜ አይገድበውም ይላሉ። ሰዓት የተወሰነለት ፈተና የሚያወጡትም እነሱው ናቸው።

ዛሬ መኪናው ሲወጣ፣ የሚወጣውን ዕቃ መመዝገብ የዘበኛ ሥራ ነውና ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ። ሾፌሩ ጥሩንባውን ነፋ። «ጋሼ፣ ቶሎ በሉና ልውጣ እንጂ!»

ቀና ብዬም አላየሁት። «ኮምፒውተር» ብዬ ልጽፍ፣ ገና ከ«ከ» ተነስቼ እየወረድኩ ነበር።