ያልተለካልኝ የሚዜ ቀሚስ

ግራ እግሬ በልጅነቴ በፖሊዮ ቀጥኖ ቀርቷል፤ የምሄደው በክራንች ነው። ስለዚህ የሰው ፊት ማንበብ የተማርኩት ፊደል ከመቁጠሬ በፊት ነው። ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ፒያሳ የሚወስደውን ዳገት ስወጣ አንዱ ከንፈሩን ይመጥልኛል፤ ሌላው እንዳላየ ፊቱን ያዞራል፤ ባልቴቶቹ ደግሞ የማልሰማ ይመስል «ምነው፣ መልኩን ሰጥቶ እግሩን ነሳት!» ይባባላሉ።

በደርግ ጊዜ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆኜ ስቀጠር አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ግን እንዲህ አልነበረችም። ገና አዲስ ሳለሁ የተወለወለው ኮሪደር አዳልጦኝ ዘጭ አልኩ። ሌላው «ወይኔ! ወይኔ!» እያለ ሲከበኝ እሷ ከት ብላ ሳቀች።

«ተነሺ እንጂ ጓድ! አብዮቱ የተኛ አይወድም!»

እኔም እዚያው ወለሉ ላይ እንዳለሁ ሳቅኩ። ከዚያ ወዲህ አልተለያየንም። ቅዳሜ ከሥራ ስንወጣ ፒያሳ ኬክ ቤት ገብተን ባንኮኒውን ተደግፈን ማኪያቶ እንጠጣለን። ስለ እግሬ ጠይቃኝ አታውቅም። የምትጠይቀኝ ስለ ወንዶች ነበር፤ ያንን ደግሞ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

ልታገባ ስትል «ሚዜዬ አንቺ ነሽ፤ ማንም አይቀድምሽም» አለችኝ። ለእናቴ ስነግራት «እሷ ናት ያለችሽ፣ ወይስ አንቺ ነሽ ያልሽው?» አለች። እንዴት እንደተቆጣኋት!

ሠርጉ ሲቃረብ የቀሚሱን ነገር ባነሳ «ጨርቅ ጠፋ እኮ» ትለኛለች። ያኔ ያልጠፋ ነገር ስላልነበረ አመንኳት። አንድ ቀን ጉርዴን ላሳጥር የሁለታችንም ደንበኛ ወደሆኑት ልብስ ሰፊ ጎራ አልኩ። ግድግዳው ላይ አንድ ዓይነት ሮዝ ቀሚሶች ተሰቅለዋል።

«ሲያምሩ! የማን ናቸው?»

«የጓደኛሽ ሚዜዎች ናቸዋ! ትናንት ለክተው ጨረሱ።» ቀና ብለው ፊቴን ሲያዩ መቀሳቸውን አስቀመጡ። «አልነገረችሽም እንዴ፣ ልጄ?»

በማግስቱ ቢሮ እንደገባሁ «ቀሚሶቹን አየኋቸው» አልኳት።

ፊቷ ልውጥ አለ። «ላንቺ ብዬ ነው። ፎቶ አንሺው አለ፣ የእጮኛዬ ዘመዶች አሉ… ያ ሁሉ ሰው ሲያፈጥብሽ ማየት አልችልም። እንዳትሸማቀቂ ብዬ ነው።»

«እኔ መቼ ተሸማቅቄ አውቃለሁ?»

አለቀሰች። የክፍሉ ሴቶች ተሰብስበው አባበሉ፤ እሷን። አንዷማ ወደ እኔ ዞር ብላ «ይቅር በያት፤ ልቧ ርኅሩኅ ስለሆነ እኮ ነው» አለችኝ።

ከንፈር መጣጮቹ አይጎዱኝም ነበር ማለቴ አይደለም። ግን ከነሱ የምጠብቀው ነገር አልነበረም። እሷ ከእኔ ጋር መታየት አሳፍሯት ነበር፤ እፍረቷን ግን የእኔ ነው ብላ አሸከመችኝ። ያ ነው ያቃጠለኝ።

እናቴ «አትሂጂ» ብላ ብትለምነኝም ወደ ሠርጉ ሄድኩ። በሰዓት እላፊው ምክንያት ድግሱ በቀን ነበር። የሙሽራዋ እናት ደጃፍ ላይ ተቀበሉኝና «ነይ ልጄ፣ እዚህ ይመችሻል» ብለው ከድንኳኑ ምሰሶ ጀርባ አስቀመጡኝ። ሙሽሮቹ ሲገቡ ተነሥቼ መተላለፊያው ዳር ወጣሁና ቆምኩ። በአጠገቤ ስታልፍ ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። ቬሎዋን የምታስተካክል መስላ አቀረቀረች። ምሳዬን በልቼ፣ እናትየውን «እንኳን ደስ ያለዎት» ብዬ ወጣሁ።

ከጫጉላዋ ስትመለስ «አኮረፍሽኝ?» አለችኝ። «አላኮረፍኩም» አልኳት፤ እውነቴን ነበር። የሚያኮርፉት እኮ የሚታረቁትን ሰው ነው። በዚያው ወር ለምኜ ወደ ሌላ ክፍል ተዛወርኩ።

አዲሱ ክፍል ውስጥ ጎኔ የምትቀመጠው ልጅ ጨዋታ አዋቂ፣ ደግ ልጅ ነበረች። አብረን ምሳ እንድንበላ ስንት ጊዜ ጠየቀችኝ! ሁልጊዜ ሥራ አለብኝ እላት ነበር። በኋላ መጠየቁን ተወችው።