የደብሪቱ ትንፋሽ

የዘመሮዋ ደብሪቱ የበግ ፀጉር በመፍተል እጇ የተመሰከረላት፣ የጀመረችውን ሳትጨርስ የማትተው ሴት ናት። በግራ ጡቷ የበቀለው እጢ ካንሰር ነው ሲሏትም ለቅሶ አልተቀመጠችም። በጎቿን ለወንድሟ ለአበረ አደራ ብላ አዲስ አበባ ገባች። እጢው በቀዶ ጥገና ወጣላት፤ ርዝራዡን ደግሞ በጨረር እናጠፋዋለን ተባለች።

የጨረር ባለሙያዋ አርሴማ ነገር ማስረዳት ታውቅበታለች።

«እትዬ ደብሪቱ፣ ልብዎ ያለው ከግራ ጡትዎ ሥር ነው። ጨረሩ ጤነኛውን ሥጋ ከበሽተኛው አይለይም፤ የምንለይለት እኛ ነን። አየር በደንብ ስበው ሲይዙ ሳንባዎ ይነፋና ልብዎን ከጨረሩ መንገድ ገለል ያደርገዋል። ሃያ ሰከንድ ከያዙልኝ ይበቃኛል።»

«ታዲያ ግማሹ ሥራ የኔ ነዋ!» አለች ደብሪቱ። ደስ አላት። እስከዚያ ቀን ድረስ ከመተኛትና ከመነሣት በቀር የተሰጣት ሥራ አልነበረም።

የመጀመሪያው ልምምድ ግን አልሆነላትም። ትከሻዋ ሽቅብ ወጣ እንጂ ደረቷ አልሞላ አለ፤ ጠባሳው ወጥሮ ይዟታል። ሰከንድ መቁጠሩም አስጨነቃት፤ ስምንት ላይ ትንፋሿ አመለጣት። ባረፈችበት በአክስቷ ልጅ ቤት ተጋድማ ስትሞክር ቁጥሩን ተወችና በልቧ «አቡነ ዘበሰማያት» ማለት ጀመረች። ሳትቸኩል እስከ «አሜን» ስትዘልቅ ትንፋሿ አልከዳትም።

በማግስቱ አርሴማ ሰዓቷን አይታ ተገረመች። «ሃያ አራት ሰከንድ! ምን አድርገው ነው?»

«በጸሎት ለካሁት።»

ሕክምናው አሥራ አምስት ቀን ነበር። በሰባተኛው ቀን ትንፋሿን እንደያዘች ሳል መጣባት። ልትውጠው ሞከረች፤ አልቻለችም። «ወይኔ፣ ልቤን አቃጠልኩት!» ብላ ጮኸች።

«አይዞዎት፣ በካሜራ እያየንዎ ነው» አለቻት አርሴማ በድምፅ ማጉያው። «ደረትዎ ዝቅ ሲል ጨረሩ ቆሟል።»

ደብሪቱ ጉሮሮዋን በውኃ አርጥባ ተመልሳ ተጋደመችና ጸሎቷን ከ«አቡነ» ጀመረች።

ወደ መጨረሻው ቆዳዋ ጠቆረ፤ ያቃጥላትም ጀመር። የአክስቷ ልጅ ለጋ ቅቤ ብታመጣላት «ሐኪም ያላዘዘውን አልቀባም» ብላ መለሰቻትና ሰፋ ያለ ቀሚስ ለበሰች።

ሕክምናዋን በጨረሰች ቀን፣ ኮሪደሩ ላይ አያልነሽ የምትባል የመርሐቤቴ፣ የዓለም ከተማ ሴት ስታለቅስ አገኘች። ልምምዱ ሁለት ጊዜ አልሆን ብሏት ነው። ደብሪቱ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ትከሻሽን ተይው፤ ደረትሽን ሙዪው። አቡነ ዘበሰማያት ትችያለሽ?»

«እንዴት አልችልም!»

«በይ፣ በልብሽ አብረን እንበል።»

ሁለቱም አየር ስበው ዝም አሉ። በመካከል የደብሪቱ ስልክ ጮኸ፤ አያልነሽ እስክትጨርስ ጠብቃ አነሣችው። አበረ ነበር፤ መቼ እንደምትመጣ ጠየቃት።

«ነገ» አለችው። «ዛሬ የመርሐቤቴ ሰው ትንፋሽ እያስያዝኩ ነው።»